የአባባ ነጭ ድንጋዮች

ግንቦት 8፣ ጠዋት

ሻዩ ተጥዷል። የደባርቅ መናኸሪያ ገና አልሞቀም፤ ሹፌሮቹ ውጭ ቆመው ያወራሉ፣ ሻይ ቤቴ የሚገባ የለም። እንግዲህ ለአንቺ ጊዜ አለኝ፣ ደብተሬ። ነገ አገር ቤት እወርዳለሁ፣ ከዳባት ወዲያ። የአባባ አርባ ነው። አያቴ ናቸው ግን ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ አባባ ነው የምላቸው። ሌላው ሰው ፶ አለቃ ይላቸዋል።

ዛሬ አልጋዬን ሳነጥፍ አለቀስኩ። አባባ ብርድ ልብሳቸውን ካምፕ እንዳሉ ነበር የሚያነጥፉት፣ ጠርዙ እንደ ተላገ ጣውላ። ጡረታ ወጥተውም በየማለዳው በስባሪ መስታወት ይላጫሉ። ለማን ነው የሚቆነጁት? ስላቸው፣ ድንገት ብጠራስ፣ ይሉኛል። ስለ ጦርነት ግን አንድ ቀን አውርተው አያውቁም። አንድ ቀን!

ግንቦት 11

ተመለስኩ። እግሬ አብጧል። ተዝካሩ አማረ፤ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ።

ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ። ከቤታችን በላይ፣ ድሮ ጦር ሰፍሮበት ከነበረው ኮረብታ ሥር፣ መስክ አለን። መስኩን ዙሪያውን የከበቡ ድንጋዮች ነበሩ፤ አባባ በየመስከረሙ ኖራ የሚቀቧቸው። ደሳለኝ ሁሉንም በአህያ አጓጉዞ መቃብራቸው ዙሪያ ደርድሯቸው አገኘሁ። በእጃቸው ያሳመሯቸው ናቸውና ከእሳቸው አይለዩ፣ አለኝ። ሳምኩት። እንዴት እንደሚያምር!

ስመለስ በመስኩ ዳር አለፍኩ። ድንጋይ የነበረበት ቦታ ሣር የለውም፣ ቢጫ ጎድጓዳ ብቻ። ጥርስ የወለቀበት ድድ። ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ግንቦት 14

ዘነበ። ደሳለኝ ደወለ፣ ኮረብታው ላይ ወጥቶ፤ ኔትወርክ እዚያ ብቻ ነው። መስኩን ሊያርሰው ነው። ገብስ።

አባባ በሕይወት እያሉ አይሞከርም። አይታረስም፣ በቃ። ለምን አይባልም፤ ወታደር ናቸው። ስለዚህ ሰው የራሱን ምክንያት አወጣ፦ ጋኔን አለበት። ልጅ ሳለሁ የጎረቤት ጊደር ገብታ እዚያው ተበጣጥሳ ሞታለች። ደመና በሌለበት ቀን መብረቅ መታት ተባለ።

ደሳለኝ መላ አበጅቷል። ቄሱን ለምኖ መስኩን ጠበል አስረጭቷል፣ እሳቸው ከዳር ሆነው። "እትየ፣ ጋኔኑ ለቆልናል! አሁን እኮ ዳባት ሳይደርስ አይቀርም" እያለ ይስቃል። ደባርቅ ከመጣም በዱቤ ሻይ አላጠጣውም አልኩት። ሳቅን። በማርያም ማግስት በማለዳ እጠምዳለሁ፣ ሚስቴ ዘሩን ትበትናለች፣ አለ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳቁ ከአፌ ላይ ቶሎ ጠፋ።

ግንቦት 17፣ ከሰዓት

ዝናብ። ደንበኛ የለም። አንድ ነገር ትዝ አለኝና አልለቀኝም።

አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የኖራውን ጣሳ የምይዝላቸው እኔ ነኝ። አባባ የሚቀቡት ከውጭ በኩል ቁጢጥ ብለው ነው። የድንጋዩን የውስጥ ጎን ሲቀቡ እንኳ እጃቸውን ያሻግራሉ እንጂ እግራቸውን አያሻግሩም። አደይ አበባ አየሁና ዘልዬ ልገባ ስል በቀሚሴ አንጠልጥለው ወደ ኋላ ወረወሩኝ። በጥፊ አጮሉኝ። መጀመሪያም መጨረሻም እሱ ነው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እጃቸው ኖራ በኖራ ሆኖ።

ጋኔን የሚፈራ ሰው እንዲህ ይሆናል? አባባ እኮ ጋኔን ሲባል ይስቃሉ።

ደሳለኝ ጋ ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ። የለም።

ግንቦት 20

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ቻይው።

ከዛሪማ አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ጋሽ ታፈረ። የአባባ የጦር ጓድ ናቸው። መርዶውን ገና መስማታቸው ነው፤ ቤቴን እያጠያየቁ ሊያስተዛዝኑኝ መጡ። ሻይ ቀዳሁ፣ ዳቦ ቆረስኩ። ኖራውን አሁን ማን ይቀባል? አሉኝ። ከየት አወቁት ብዬ ደስ አለኝ። ድንጋዮቹ መቃብራቸውን እንዳስዋቡት በኩራት ነገርኳቸው።

ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"ሁሉንም አነሳችሁት?"

ሁሉንም።

ከዚያ ነው የነገሩኝ። ፈንጂ ነው። ኮረብታው ላይ የሰፈረው ጦር ዙሪያውን አስቀብሮ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሁሉም ጥሎ ሄደ። አባባ ብቻቸውን ተመልሰው፣ በሆዳቸው እየተሳቡ ነቀሉት። መስኩ ላይ ያለውን ግን ጎርፍ አፈር ጫነበት፣ ቦታው ጠፋቸው። አመለከቱ፤ እንመጣለን ተባሉ፤ የመጣ የለም። እሳቸውም በድንጋይ ከበቡት።

ታዲያ ለእኛ ለምን አይነግሩንም? ብዬ ጮህኩ።

"የቀበሩት እኮ ራሳቸው ናቸው፣ ልጄ። ታዘው። በገዛ መንደራቸው ላይ። ምን ብለው ይንገሯችሁ?"

ጊደሯ። ጥፊው። ልቅሶው። ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

ጎድጓዳውን ሣር ሳይሸፍነው ድንጋዮቹ በየቦታቸው ይመለሱ አሉ። ከዚያ ወዲያ ድንበሩን የሚያውቅ ሰው የለም። ሣሩ ይቅርና፣ ከነገ ወዲያ ደሳለኝ ይጠምዳል!

ስልክ የለም። መናኸሪያ ሮጥኩ። ወደ ዳባት የሚሄድ መኪና የለም፣ ትናንት መንገዱ ላይ ተኩስ ነበርና ሹፌሮቹ ፈሩ። የማላውቀው ሰው ጉልበት ይዤ ለመንኩ። ሳቁብኝ።

ግንቦት 21፣ ጎህ ሲቀድ

ማርያም ናት። ዛሬ የሚያርስ የለም። ያለኝ ዛሬ ብቻ ነው።

አንድ ባለባጃጅ እሺ አለኝ፣ እስከሚችልበት ድረስ። ከዚያ በእግሬ። ጋሽ ታፈረን ይቅሩ አልኳቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው! ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። "እኔም ታዝዤ ነበር" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ኖራ ገዝቻለሁ። መጀመሪያ ደሳለኝ ቤት። ከዚያ ቤ/ክ። ከአባባ መቃብር ላይ ድንጋዮቹን በእጄ አነሳለሁ። የአያቷን መቃብር አፈረሰች ይሉኛል፤ ይበሉ። አባባ ባዶ አፈር ላይ ይተኙ፤ እሳቸው አይቀየሙኝም። ከውጭ በኩል ቁጢጥ ብዬ እቀባለሁ። እግሬን አላሻግርም።

ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ሣሩ

ባጃጁ ክላክስ እያደረገ ነው። ጋሽ ታፈረ ገብተዋል። ደሳለኝ፣ ወንድሜ፣ እኔ እስክደርስ በዓሉን አክብር፣ በሬዎቹን እንኳ ወደዚያ እንዳት