አረንጓዴ ካፖርት የለበሰችው

ሐሙስ፣ ቀን 11
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለሚጡዬ፤

ይህን ሳትስቂ አንብቢው። እሺ ሳቂ፤ ግን እዚያ ለሥራ ካምፕሽ ሴቶች እንዳትነግሪያቸው። ሰፈሩ በሙሉ እህትሽን አርግዛለች እያለ ነው። አዎ፣ እኔን! በሃምሳ አራት ዓመቴ! ከትናንት ወዲያ ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ባለቤቷ ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ አወጣችልኝና «ተቀመጪ እንጂ እትዬ፣ ለሁለት ነፍስ መቆም አይደላም» አለችኝ። እኔ ለጉልበቴ የራራችልኝ መስሎኝ «ተባረኪ» ብዬ ዘፍ አልኩልሽ። ሰልፈኛው እርስ በርሱ ሲጠቃቀስ ያየሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በመጽሔት የሰው ጓዳ ስበረብር ኖሬ ይኸው ተራዬ ደረሰ።

የወሬው ምንጭ ካፖርቴ ነው። ታውቂዋለሽ፤ አረንጓዴው፣ ትልልቅ የነሐስ ቁልፍ ያለው፣ ሦስተኛው ቁልፍ ጠፍቶ ልብስ ሰፊው ነጭ የተከለበት። መጽሔቱ ላይ ከዓምዴ ራስጌ ባለው ፎቶም የለበስኩት እሱኑ ስለሆነ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእኔ ይልቅ የታወቀው ካፖርቴ ነው። ባለፈው ሐሙስ ይህ ካፖርት ከልብስ ሰፊው ፊት ለፊት ወዳለው፣ ግራጫ በር ወዳለው ክሊኒክ ሲገባ ታየ። የትኛውን እንደምል ገብቶሻል፤ ሴቶች ፅንስ ለማቋረጥ አንገታቸውን ደፍተው የሚገቡበትን።

እኔ አይደለሁም የገባሁት። ካፖርቱን ለሰው አውሼው ነበር። ለማን እንደሆነ ላልናገር ምያለሁና አንቺም አትጠይቂኝ።

ይልቅ አደራ ብለሽ እኔ ጋ ከተውሻቸው ልጆችሽ መጀመሪያ ስለ ትንሿ ልንገርሽ። ፌንጣ ያልናት በእግሯ ርዝመት ነበር፤ አሁን ልቧም እንደ እግሯ ሆኖ አልያዝ ብሏል። ዩኒቨርሲቲ በገባች በወሩ የወጣቶች ማኅበር ውስጥ ገባች፤ «ሕይወት ይቅደም» ይባላል። ያልተወለደ ልጅ ጠበቃ የለውም፣ እኛ እንቁምለት የሚሉ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ክሊኒኩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ይቆማሉ። አይጮኹም፣ አይሳደቡም። አንድ ደብተር ብቻ አላቸው። የሚገቡትን ሴቶች ስማቸውን ስለማያውቁ፣ ማወቅም ስለማይፈልጉ፣ በልብሳቸው ይመዘግቧቸዋል፤ «ቢጫ ሻርፕ፣ ጥቁር ቦርሳ»፣ «ሰማያዊ ቀሚስ፣ የምታነክስ»። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከደብተሩ አንዷን ይመርጡና የእሷን ፅንስ «የኔ» ይሉታል። ይጸልዩለታል፤ የሕፃን ካልሲ በእጃቸው ይሠሩለታል። ሴትየዋ ስትወጣ ካልሲውንና ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይዘው ይጠብቋታል።

አንዳንዷ ፊታቸው ላይ ትወረውረዋለች። አንዷ ግን ተቀብላ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አልቅሳ፣ ዛሬ የስድስት ወር ልጅ እናት ናት፤ ፌንጣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ልጁን ታጥብላታለች። ባየሻት! የራሷን ብርጭቆ የማታጥብ ልጅ!

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ልቤ ቅቤ ሆኖ ይቀልጣል። ዓምዴ ላይ ጻፍኩላቸው። ስለ ደብተሩም፣ ስለ ካልሲውም፣ የሚቆሙበትን ቀን ሳይቀር። ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው! ካሜራው የመጣው ያንን አንብቦ ነው።

ካሜራው የምንለው ሰው ሠላሳን የተሻገረ፣ ጫማው ሁሌ የሚያበራ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበርኩ ይላል። ተማሪዎቹን አንድ ሳምንት ቆሞ አያቸውና «ካልሲ ማንንም አያስቆምም፤ ሐፍረት ግን ያስቆማል» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ ከልብሱ ጎን ፎቶ ይለጠፍ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የባለ ቢጫ ሻርፗ ሴት ፎቶ በምትሠራበት ፀጉር ቤት በር ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ሚጡዬ፣ እኔም እዚያ ነው ፀጉሬን የምሠራው። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጬ አየኋት፤ ማበጠሪያዎቿን አንድ በአንድ ጠርጋ በፌስታል ከታ ወጣች። ወንድሟ አድራሻዋን እያፈላለገ ነው ይላሉ። ለምን እንደሚፈልጋት የሚናገር የለም።

ፌንጣ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። «ደብተሩ ስም የሌለው እኮ እንዳይታወቁ ነው!» አለችኝ እያለቀሰች።

«ለሰብሳቢያችሁ ነገርሻት?»

«ነገርኳት። እኔም አልወደድኩትም፣ ግን ሰው እየበዛልን ነው አለች።»

«እንግዲያው ውጪያ።»

«እኔ ብወጣ ደብተሩ ከእሱ ጋር ይቀራል፣ አክስቴ» አለች። ለስንቱ ምክር የማድለው ሴትዮ ያልበላችውን ምሳ አሙቄ መለስኩላት።

ስለ ትልቋ ጠይቀሽኝ ነበር። እሜቴ ደህና ናት። ያው እንደ ስሟ እሜቴ ናት፤ ብትቆጪያትም ብትለምኛትም መልሷ ዝም ነው። ጥርስ ሐኪሙ ጋ እንግዳ መቀበሏን አልተወችም፤ የመድኃኒቱ ሽታ አልስማማ ብሏት ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያስመልሳታል እንጂ። ያ ስለ እሱ የጻፈችልሽ መሐንዲስ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል፤ ስልኩም አይነሳም። ማታ ማታ እኔ ክፍል መጥታ ትተኛለች፤ እንደ ሕፃንነቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ደህና ናት አልኩሽ።

ወደ ካፖርቱ ልመለስ። ካፖርቱን ያዋስኳት ያቺ ሰው ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ክሊኒክ ቀጠሮ ነበራት። «አብሬ ልሂድ» ብል «አይሆንም፤ አንቺን ሰው ሁሉ ያውቅሻል» ተባልኩ። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። የለበሰችው ስስ ሹራብ ነው። ብርድ እንዳይመታት ብዬ ካፖርቱን ከመስቀያው አንስቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁት። አየሽ ሞኝነቴን? እኔ እንዳልታይ ቀርቼ ከእኔ የባሰ የሚታወቀውን ካፖርቴን ላክሁት! ያን ዕለት ፌንጣ ፈተና ስለነበራት እንኳን ማዶ አልቆመችም እያልኩ ተጽናናሁ። ካሜራው ግን ፈተና የለበትም።

ያቺ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። «መርምረውኝ፣ እስከሚቀጥለው ሐሙስ አስቢበት አሉኝ» ብላ ካፖርቱን ሰቀለች።

ከትናንት ወዲያ ከዳቦ ቤት እንደተመለስኩ ፌንጣ ወጥ ቤት ገባችና መክተፊያው ጎን ፎቶ አስቀመጠች። ከጎን የተነሳ ነው፤ ፊት አይታይም። ካሜራው ያንን ይዞ ከዳቦ ቤት እስከ ልብስ ሰፊው «ይህ ካፖርት የማን ነው?» እያለ ሲዞርበት ውሏል።

«አክስቴ፣ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ መንታ ነው። አባታቸው የመጽሔቱ አራሚ ነው።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ አራሚያችንን ታውቂው የለ፣ ሰባ ሊሞላው ነው። ከዚያ ጣቷን የካፖርቱ ጫፍ ላይ አሳረፈች።

«አንቺ ስትለብሺው ከጉልበትሽ በታች ይወርዳል። እዚህ ግን ጉልበቷን እንኳ አልሸፈነም።»

ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

«ረጅም ናት» አለች።

«ረጅም ሰው ሞልቷል።»

«እዚህ ቤት ግን ሁለት ብቻ ነን።»

ይህኔ ከመታጠቢያ ቤቱ የቧንቧው ውኃ በኃይል ተለቀቀ። እህቷ ሲያስመልሳት እንዳይሰማብኝ ብላ የምታደርገው ነው። ውኃው ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ አልቆም አለ። ፌንጣ ግድግዳውን እያየች አዳመጠች።

«እኔ እኮ መርጫታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ደብተሩ ላይ አረንጓዴ ካፖርት የሚለውን ሳይ አንቺን አስታወሰኝና ደስ ብሎኝ መረጥኳት። ካልሲውን ጨርሼዋለሁ። ስም አውጥቼለታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

ፎቶውን አንስታ ኪሷ ከተተችና «ካሜራው ሐሙስ ተመልሳ ትመጣለች፣ ክሊኒኩ በሳምንቱ ነው የሚቀጥራቸው ብሏል» አለች። «ፊቷን አይተን እስከ ደጇ እንሸኛታለን ብሏል። ዐሥር አዳዲስ ልጆች ይዞ ይመጣል። እኛን የማይመስሉ ናቸው፣ አክስቴ። ካልሲ የሚሠራ የለባቸውም።»

ትናንት ያቺን ሰው ብቻዋን አግኝቼ ስለ ፎቶው ነገርኳትና «ነገ አትሂጂ» አልኳት።

«መሄዴን ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«አትሄጂም ማለት ነው?»

«አለመሄዴንስ ማን ነገረሽ?» ብላ ልብሷን መተኮስ ቀጠለች። ከዚያ ካውያውን አቁማ፣ «እማዬ እዚህ ብትሆን ምን ትል ነበር?» አለች። እንግዲህ ሚጡዬ፣ መሐላዬን አልጣስኩም፤ ስም አልጠራሁም። አንቺ ግን እናት ነሽ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳትደርሺ አውቀሻል። መልሱን ከአንቺ ሌላ የሚሰጣት የለም። እኔ ሂጂም ቅሪም ለማለት አንደበት አጣሁ፤ ፌንጣ ትክክል ናት ስል የእሜቴ ፊት ይመጣብኛል፣ እሜቴ የመረጠችውን ታድርግ ስል ደግሞ የፌንጣ ካልሲ ይመጣብኛል። ፌንጣ ማወቋን ለእሜቴ ለመንገር ግን ወኔ አጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ እሜቴ በስስ ሹራቧ መጣች። ሻይዋን ሳትነካ «ካፖርቱን ልውሰደው?» አለችኝ።

«ያንን ካፖርት? አብደሻል?»

«ሌላ የለኝም። ብርድ ነው።»

ሁለታችንም ወደ መስቀያው ዞርን። ካፖርቱ የለም። በእሱ ቦታ፣ በክር ታስረው፣ አውራ ጣቴን የማያክሉ ሁለት አረንጓዴ ካልሲዎች ተንጠልጥለዋል። አንደኛዋ ላይ ነጭ ቁልፍ ተሰፍቷል፤ እንደ ካፖርቴ።

የፌንጣ አልጋ ተነጥፏል፣ ጫማዋ የለም። ገባኝ። ማዶ ቆሞ አረንጓዴ ካፖርት ለሚጠብቀው ሰው አረንጓዴውን ካፖርት ለብሳ፣ እህቷን መስላ ሄዳለች። የእግራቸው ርዝመት አንድ ነው፣ የትከሻቸው ስፋት አንድ ነው። ከጎን ለሚያያቸው እሷን ከእህቷ የሚለይ የለም። ከእነዚያ ዐሥሩ ደግሞ አንዱም አያውቃትም።

እሜቴ ካልሲዎቹን አውርዳ መዳፏ ላይ አደረገቻቸው። «ማን ነው የሠራው?» አለች፤ ግን እኔን አልነበረም የጠየቀችው። ከዚያ የጫማዋን ክር ሳታስር ሮጣ ወጣች። ወደ ቀጠሮዋ ይሁን ወደ እህቷ አላውቅም፤ መንገዱ አንድ ነው።

ይህ ከሆነ አንድ ሰዓት አለፈው። የአንዳቸውም ስልክ አይነሳም። ልከተላቸው ተነሳሁና በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ፤ ቤቱን ባዶ ትቼ ብወጣና ቢመለሱስ? የእናንተ ካምፕ ስልክ ቅዳሜ ብቻ ስለሚሠራ የኩባንያችሁ ሾፌር ስድስት ሰዓት ላይ ሳይነሳ ይህን ልሰጠው መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። ባለዳቦ ቤቷ ገና በጠዋቱ መዝጊያዋን እያወረደች ነው። ከላይኛው መታጠፊያ በኩል ድምፅ ይሰማኛል። የብዙ ሰው እርምጃ ነው። እየቀረበ ነው።

እግዜር አንቺን በሰላም ያቆይልኝ። ልጆችሽን ከክፉ ዓይን ይጋርድልኝ። አንዷ ለማታውቀው ልጅ፣ አንዷም ለእህቷ የሮጠችበትን እግር ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። ከሥራ ፈቃድ የምትጠይቂ ከሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ።

ሚጡዬ፣ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ።

ልጆችሽ ቁልፍ አላቸው።

ሄጄ ልክፈት። ሾፌሩ እስኪነሳ ሁለት ሰዓት አለኝ፤ ማን እንደሆነና ካፖርቱን ማን ለብሶ እንደተመለሰ በዚሁ ወረቀት ጀርባ እጽፍልሻለሁ። ጀርባው ባዶ ሆኖ ካገኘሽው ቅዳሜን አትጠብቂ፤ ነይ።

ሁሌም የምትወድሽ
ታላቅ እህትሽ