ገመዱን የዘረጉት እርሳቸው ነበሩ

«ተቆጣጣሪው ወደ ተከለከለ ክልል ገብተው በፈጸሙት የጥንቃቄ ጉድለት ሕይወታቸው አልፏል። የሕንፃው የመስታወት ግድግዳ አንዳችም የጥራት እንከን የለበትም።»

ከላይ ያለው ተቋራጩ ድርጅት ጥቅምት 18 ቀን ያወጣው ማስታወቂያ ሙሉ ቃል ነው። የሕንፃ ጥራት ተቆጣጣሪዎች ማኅበር የመሥራች አባሉን ሞት ለአባላቱና ለሕዝብ የሚያረዳው ይህ ቃል ፊቱ ተቀምጦ ነው። ሐዘናችን መሪር ነው፤ ቁጣችንም ከሐዘናችን አያንስም።

ባልደረባችን በሙያው ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግለዋል። ሠራተኛውም መሐንዲሱም የሚያውቃቸው «ሁለት ጨርቅ» በሚለው ቅጽል ነው። መስታወት በሲሊኮን ከብረት ፍሬም ጋር ከመጣበቁ በፊት ጠርዙ በማጽጃ በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ማጽጃው ሳይደርቅ ወዲያው በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ሁለተኛው ጨርቅ ከቀረ የለቀቀው እድፍ እዚያው ተመልሶ ይደርቃል። መስታወቱ ለዓይን ያበራል፤ ሲሊኮኑ የያዘው ግን እድፉን ነው። እንዲህ ያለውን ሕንፃ «ፊቱን ሳይታጠብ የተኳለ» ይሉት ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ማኅበራችንን ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ።

በ2009 ዓ.ም. ዛሬ አባሎቻችን ሁሉ የሚሠሩበትን የመጎተት ፍተሻ አስለመዱ። ከደረቀው ሲሊኮን ጫፉ ተቆርጦ በእጅ ይጎተታል፤ መሃሉ ላይ ከተበጠሰ ሥራው አልፏል፣ ከመስታወቱ ተላቆ ከመጣ ወድቋል። በዚያው ዓመት የባለቤታቸውን ወንድም ሥራ በዚሁ ፍተሻ ጥለዋል። አማቾቹ ከዓመት በላይ ተኳርፈው ነበር፤ ውጤቱ ግን አልተለወጠም።

ጥቅምት 14 ቀን ማስታወቂያው የጠቀሰውን ሕንፃ ከእግረኛ መንገዱ በላይ ያለ ሰሜናዊ ፊት ፈተሹ። ሲሊኮኑ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላቀቀ። ሥራውን አልተቀበሉም፤ መስታወቶቹ እስኪወርዱ መንገዱ እንዲዘጋም አዘዙ። የሳይት ኃላፊው በሠራተኞች ፊት የሰጡት መልስ «ጋሽ ሁለት ጨርቅ፣ ምረቃው ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ ደግሞ መንገዱንም ሊያጥቡልን ነው?» የሚል ነበር። የመከለያ ገመድ ሲጠይቁም ንብረት ክፍሉ «ከላይ ሳይታዘዝ አናወጣም» ብሏቸዋል።

ጥቅምት 15 ቀን ጠዋት ከቤታቸው ገመድ ይዘው መጡ። በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል አስረው፣ እዚያው ቆመው መንገደኛ መመለስ ጀመሩ። ሁለት ሴቶች ወሬ ይዘው ገመዱን አልፈው ገቡ፤ ባልደረባችንም ሊያወጧቸው ተከተሏቸው። ከላይ የነበረ መስታወት ገጣሚ «ጋሼ፣ እርስዎም ይውጡ እንጂ!» ብሎ ሲጮህ «ቆይ፣ እነዚህን ላሳልፍ!» አሉት። ሴቶቹ አለፉ። መስታወቱ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው።

አባሎቻችን በማግስቱ ፍሬሙን አይተዋል። ሲሊኮኑ ሳይቀደድ እንዳለ ፍሬሙ ላይ ቀርቷል፤ በወደቀው መስታወት ስብርባሪ ጠርዝ ላይ ግን ቅንጣት አልተገኘም። እንከን የለበትም የተባለው ይህ ነው።

ማስታወቂያውን የድርጅቱ ተወካይ ለቅሶ ቤት ድረስ ይዘው ሄደዋል። የባልደረባችን ሴት ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብ ባለቤታቸው ከተቀመጡበት «የትኛው ክልከላ? እሱ እኮ የኔ የልብስ ማስጫ ነው» ብለዋል። ማኅበሩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ አይችልም። ክልሉ የተከለከለው በባልደረባችን እጅ ብቻ ነው፤ ድርጅቱ ያደረጉትን ጥንቃቄ ወስዶ በእርሳቸው ላይ ክስ አድርጎታል።

ገመዱን ድርጅቱ አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ፈትቶ ወስዷል። በአንድ ጨርቅ የተጠረጉት የቀሩት መስታወቶች እንደ ተሰቀሉ ናቸው፤ ከሥራቸው ሰው ይመላለሳል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ከኩርፊያ በኋላ የልብ ወዳጃቸው ለሆኑት አማቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ስማቸው ሳይጸዳ ግን «ነፍስ ይማር» ብለን ዝም አንልም።

ተቋራጩ ድርጅት መልስ እስኪያዘጋጅ ሳይጠብቅ መንገዱን ዛሬውኑ ይዝጋ። ከባልደረባችን በቀር ያንን ክልል የከለከለው ማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀንና በማን ትእዛዝ እንደ ከለከለ እስከ ኅዳር 3 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ በጽሑፍ ያሳውቀን። የሚጠራው ሰው ከሌለ በዚሁ ጽሑፍ ማስታወቂያውን ይሻር፤ ገመዱንም አያይዞ ለባለቤታቸው ይመልስ።

የሕንፃ ጥራት ተቆጣጣሪዎች ማኅበር
ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ