ለቤት መምቻ የጨመርኩት ሰው

መስከረም 21

ዛሬ ምንም የለም። ጥርሴን አመመኝ። ጎመን ቆርጬ ግማሹን ለየኔዓለም ሰጠሁ። የኔዓለም ጎረቤቴ፣ የደምለው የአናጢው ሚስት። "እማማ የብርጓል፣ ጎመኑን ነው ወሬውን ይዘው የመጡት?" አለችኝ። ሁለቱንም አልኳት።

ይሄን ደብተር የሰጠችኝ ሂዊ ናት፣ የልጄ ልጅ። አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች እኔ ጋ ቁጭ ብላለች። ጠዋት ስለ ጥርሴ ሳወራት "እማዬ፣ ግማሹን ንገሪኝ፣ ግማሹን ጻፊው" አለች። ባለጌ። ጆሮዋ ላይ ያቺን የስልኳን ክር ወትፋለች፣ እኔ አፌን ስከፍት ነው የምትወትፈው። ደብተሩ ከግማሽ ወዲህ ባዶ ነው። ከፊቱ ኬሚስትሪ ነው...

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። እጄ አልረሳም። ማን ሊያነበው? እኔው።

ጥርሴ አሁንም ያመኛል። መጻፉ አልረዳም።

መስከረም 23

ደምለው ሞተ።

ጠዋት ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ሰዎች ወንዙ ዳር አገኙት፣ መሻገሪያው ጋ። ጫማው እግሩ ላይ፣ ጋቢው ትከሻው ላይ። ደም የለ፣ ቁስል የለ፣ ልብሱም ደረቅ ነው አሉ። እንደተኛ ሰው። ትናንት ከሰዓት መሥሪያውን ዘግቶ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ምን ፈልጎ ወረደ? ቤቱ ወደ ላይ ነው፣ መሥሪያውም ወደ ላይ፣ ወንዙ ግን ታች። እንጨት ከዚያ አያመጣም። ዋና አይችል፣ ዓሣ አይበላ... የኔዓለምን ጠየቅኳት። "እኔ እንጃ እማማ። እኔ እንጃ።"

ፖሊስ ሬሳውን ለምርመራ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰደው።

መስከረም 25

ቀበርነው።

ሙሾ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ? የሌላዋ አልቃሽ የወለተ ሰንበት ድምፅ ከተዘጋ ወዲህ እዚህ አምበር ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ። (ወለተ ሰንበትን ብትጠይቋት አልተዘጋም ትላለች። ተዘግቷል።)

እንዲህ አልኩ፦

የሰው ቤት ሲያቆም ውሎ የማይደክመው፣
ወንዝ ዳር ጋደም አለ ምኑ ላይ አመመው።

ሰዉ ትንሽ አለቀሰ። አልበቃኝም። ቀጠልኩ፦

ሁለት ሆነው ወርደው አንዱ ተመለሰ፣
ደምለው ግን ብቻውን ወንዝ ዳር ላይ ፈረሰ።

ያኔ ድንኳኑ ተናጋ። ዓለምነው ደረቱን ሲደቃ አየሁት። ዓለምነው ባለ ባጃጁ፣ የደምለው ጓደኛ። ሁለቱን ለይቶ ያያቸው ሰው የለም። አንዱን ለምሳ ከጠራህ ሁለት ሰሃን ታወጣለህ። ደምለው የጠፋ ቀን ብቻ እሱ ጎማ ሊያስቀይር ማርቆስ ውሎ ነበር። "ብኖር ኖሮ" ይላል። ይሄንኑ ደጋግሞ...

ጥሩ አድርጌ አለቀስኩ። እንዲህ ማለት ነውር ነው? ለራሴ ነው የምጽፈው።

መስከረም 28

ሂዊ ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። "እማዬ፣ እይ፣ አንቺ ነሽ።"

እኔ ነኝ። ድንኳን ውስጥ፣ ሙሾ ሳወርድ። አፌ እንዲህ ይሰፋል እንዴ? አንዱ ለቅሶ ደራሽ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለጥፎታል።

"ስንት ሰው አየው?"

"መቶ ሺህ ሊሞላ ነው።"

"አምበር ውስጥ መቶ ሺህ ሰው የት አለ?"

"ያገሩ ሰው ሁሉ ነው የሚያየው እማዬ።"

ከላዩ ጽሑፍ አለው። ራሴ አነበብኩት፣ ቀስ ብዬ። "ገዳዩን በሙሾ ያጋለጡ እናት።" ማንን ነው ያጋለጥኩት? ሂዊ "ሰው ዝም ብሎ ነው የሚጽፈው" አለች።

ደግመሽ አሳዪኝ አልኳት። ሦስቴ አየሁት። ነጠላዬ ቆሽሾ ነበር...

ጥቅምት 1

ነጠላዬን አጠብኩ። ልቅሶ የለም፣ እንዲሁ ነው።

ገበያ ላይ አንዷ ጓደኛዋን ጎሽማ "የቲክቶኳ እማማ" ስትል ሰማሁ። ያልሰማሁ መስዬ በፊታቸው ሁለቴ አለፍኩ።

ሂዊ የሰዉን አስተያየት ታነብልኛለች። አንዱ ወንዙን ስሎ ቀይ ቀስት አድርጎበታል፣ ወንዙም የኛ አይደለም። አንዱ እኔን "አሮጊት አይደለችም፣ ተዋናይ ናት" ይላል። እሱን ወደድኩት። አንዱ ደግሞ ሙሾዬን ቃል በቃል ሲተረጉም ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ለመግጠም ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጥቅምት 3

"እናትየው 'አንዱ ተመለሰ' ሲሉ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኛቸው አይተዋል። ገዳዩ በቀኛቸው ተቀምጧል።" ይሄን ዛሬ ሂዊ አነበበችልኝ።

በቀኜ የነበረው የእድሩ ድስት ነው። ወጡ እንዳያር እያየሁ ነበር።

ጥቅምት 5

አሁን ግን አያስቅም።

አብሮት ወረደ ያሉትን ሰው ቲክቶክ ላይ ፈልገው አገኙት። ዓለምነው ነው አሉ። ፎቶውን ከባጃጁ ጋር አወጡት፣ ሰሌዳው ሳይቀር። ማርቆስ ነበርኩ ቢል "ማርቆስ ሩቅ ነው እንዴ?" አሉት። ፖሊስ ትናንትም ዛሬም ጠርቶ ጠይቆታል። መናኸሪያው ጋ ሲደርስ ሹፌሮቹ "አንዱ ተመለሰ መጣ" ይሉታል። የኔን ቃል። ስም አወጡለት።

ሰው ባጃጁን ያስቆምና ፊቱን ሲያይ ሌላ ባጃጅ ይጠብቃል።

የኔዓለምም ትናንት ሊጠይቃት ቢመጣ በሩን አልከፈተችለትም። እሷ እንኳ...

ጥቅምት 6

ምሥራቅ መጣች፣ የዓለምነው ሚስት። ግቢ ብላት አልገባም አለች። አጥሩ ጋ ቆማ፦

"እማማ፣ አይተውታል ወይ?"

"ምኑን?"

"ዓለምነው ከደምለው ጋር ሲወርድ በዓይንዎ አይተዋል ወይ ነው የምልዎት።"

"አላየሁም።"

"ከሌላ ሰው ጋርስ?"

"ከማንም ጋር አላየሁም።"

"ታዲያ ማንን ነው የመለሱት?"

ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ዓይኗን ሸሽቼ የአጥሩን እንጨት ማስተካከል ጀመርኩ።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። "ፈረሰ" የሚለውን መጀመሪያ አገኘሁት። ቤት ሠሪ ነውና ፈረሰ ቢባል ያምራል ብዬ። ቤት የሚመታልኝ አጣሁ። ቀደሰ... ነገሠ... "ተመለሰ" መጣልኝ። ተመለሰ ካልኩ ደግሞ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል። ጨመርኩ። አንድ ሰው ብቻ ነው የጨመርኩት።

ሙሾ ነው እኮ። ድሮም እንዲህ ነው የምናለቅሰው። ወንዙን እንጠይቃለን፣ ፈረሱን እንጠይቃለን፣ ማንም ፈረሱን አስሮ አይመረምርም። ግን ይሄን ለምሥራቅ አልነገርኳትም። እያለቀሰች ሄደች።

ጥቅምት 7

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ በእግሬ። ሳጅን ደመላሽ ወንበር ሰጠኝ።

"እማማ፣ አብሮት የወረደ ሰው አይተዋል?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ ለምን አሉ?"

"'ፈረሰ'ን ይዤ ነበር ልጄ..." ብዬ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ይሄን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?"

"እንዳልኩህ ጻፈው።"

ጻፈ። አነበበልኝ። "ግለሰቧ ቤት ለመምታት ሲሉ አንድ ሰው መጨመራቸውን ገልጸዋል።" ፈረምኩ። እሱ ከንፈሩን ነክሶ ነው የያዘው፣ ሳቁን። እኔ አልሳቅኩም። ስወጣ ግን... ትንሽ።

ዓለምነውንም ካሁን በኋላ አንጠራውም አለኝ። ማርቆስ ጎማ የቀየረለት ሰው መጥቶ መስክሯል።

ጥቅምት 9

ሂዊን "ቅረጪኝ" አልኳት። ቀረጸችኝ። "የብርጓል ነኝ። ሰው አላየሁም። ለግጥሙ ብዬ ነው። ዓለምነው የለበትም።" አጭር ነው። እኔ እንዲህ አሳጥሬ አላውቅም።

ለጠፈችው። የመጣውን አስተያየት ልጻፍ? "አስፈራርተዋት ነው።" "ነጠላዋን በግራ ያዞረችው ምልክት ነው።" "ግድግዳው ላይ ጥላ ይታያል፣ ሰው ቆሞባታል።" ጥላው የሂዊ ነው። የቆመችብኝስ እውነት እሷ ናት፣ ቀና በዪ፣ አፍሽን አትሸፍኚ እያለች።

ለሐሰቱ መቶ ሺህ ሰው። ለእውነቱ እስከ ማታ አራት መቶ።

ጥቅምት 10

ሦስት መቶው "ውሸቷን ነው" ብሏል።

ጥቅምት 15

ከትናንት ወዲያ ዓለምነው ባዶውን ቆሞ አገኘሁት፣ ገበያው ጫፍ። ሌሎቹ ባጃጆች ሞልተው ይሄዳሉ። ሄጄ ገባሁ።

"ይውረዱ እማማ።"

"አልወርድም።"

"የት ነው የሚሄዱት?"

"ወደ ላይ። ከዚያ ወደ ታች።"

አልነዳም አለ። ተቀመጥኩ። ቆይቶ ነዳ። መናኸሪያው ጋ ሹፌሮቹ "አንዱ ተመለሰ" ሲሉ አንገቴን አውጥቼ "ሁለት ነን፣ ዓይናችሁን ክፈቱ" አልኳቸው። ዓለምነው የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ባጃጁን ዳር አቆመ። ወደኔ ሳይዞር፦

"እማማ፣ እርስዎን አልጠላም። ግን ድምፅዎን ስሰማ ያ ድንኳን ነው የሚመጣብኝ። ጓደኛዬን እኮ ነው የቀበርኩት። ቁጭ ብዬ አላለቀስኩም እስካሁን።"

ቤቴ ሲያደርሰኝ ሂሳቡን ከፍዬ ወረድኩ።

በማግስቱም ገባሁ። በሦስተኛውም። ዝም ብዬ ነው የምሳፈረው። ሰው ያየናል። ጥርሴን ነክሼ፣ በሚያመኝ በኩል።

ጥቅምት 19

የምርመራው ውጤት መጣ። ሳጅን ለየኔዓለም ሲነግራት አጠገቧ ነበርኩ። አልተመታም። አልታነቀም። ውሃ አልገባበትም። ልቡ ሊሆን ይችላል አሉ። ሊሆን ይችላል... እርግጠኛ ግን አይደሉም። ለምን ወንዝ ዳር እንደሄደም ወረቀቱ አይናገርም።

"ይኸው ነው?" አለች።

"ይኸው ነው።"

ሂዊ እንዳለችኝ ቲክቶክ ላይ "አልታወቀም ማለት ተደብቋል ማለት ነው" ብለዋል። የማያውቁት ነገር እንዴት እንዲህ ያስቸኩላቸዋል? ማንን ነው የምናገረው ግን... እኔም እኮ ቸኩዬ ነው።

ኅዳር 3

የደምለው አርባ።

ዘመዶቹ ከደምበጫ መጥተው ነበር፣ ቀብሩ ያመለጣቸው። "የብርጓል አልቅሺልን" አሉ። ስነሳ ስልኮቹም አብረው ተነሱ። አስር፣ አስራ አምስት። የኔዓለም መሬት መሬት ታያለች። ዓለምነው ከአጥሩ ውጪ ቆሟል። አልገባም፣ አልሄደም።

ስንት ቀን ስገጥም ከርሜ ነበር። ያማረ ያማረ ነበረኝ። ሁሉም ግን ቤት እንዲመታ አንድ ውሸት ይፈልጋል። ተውኩት። እንዲህ አልኩ፣ በሙሾው ዜማ፦

ሁለት ሆነው ያልኩት ከራሴ ፈጥሬ ነው፣
አብሮህ የወረደ ሰው አላየሁም።
ለምን እንደወረድክ የኔዓለም አታውቅም፣
እኔም አላውቅም፣ ደምለው።

ተቀባዮቹ የት ጋ እንደሚገቡ ጠፋቸው። አንዷ "ወዬ" ብላ ብቻዋን ቀረች። ወለተ ሰንበት ከኋላ "የኔስ ድምፄ ብቻ ነው የተዘጋው" አለች፣ ሰው እንዲሰማ አድርጋ። ይገባኛል። ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ምን ይቀርጻሉ? አሮጊት ግጥም ሲጠፋባት።

የኔዓለም ተነሳች። የምትወጣ መሰለኝ። በሰዉ መሃል አልፋ አጥሩ ጋ ሄደች። "ዓለምነው፣ ግባ" አለችው። አልተንቀሳቀሰም። "ወንድምህ ነው፣ ግባ እንጂ። በሬን የዘጋሁት እኔ ነኝ።" እጁን ይዛ አስገባችው። አጠገቧ አስቀመጠችው፣ የቅርብ ዘመድ የሚቀመጥበት።

ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ወደኔ አላየም። ትክክል ነው።

ኅዳር 12

ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አራት ነበርን፣ ቅርጫቴ ሳይቆጠር። የዓለምነው ባጃጅ። ሞልቶ ነው ያገኘሁት፣ ጠጋ ጠጋ አሉልኝ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እንግዳ ናት፣ አላወቀችኝም።

"እማማ፣ ያ ወንዝ ዳር ሞቶ የተገኘው ሰውዬ አገሩ እዚህ አይደል?"

"እዚህ ነው።"

"ምን ሆኖ ነው አሉ?"

ሁሉም ዞሩ። ሁለት ጉልበቷን ወደኔ አዞረች፣ ለመስማት። አፌን ከፈትኩ። ስለ ጋቢው አለ፣ ስለ ደረቁ ልብሱ አለ፣ ስለ መሥሪያው አለ... ደምበጫ የሚያደርስ ወሬ አለኝ።

"አላውቅም ልጄ።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ሴትዮዋ አዘነችብኝ። ወደ መንገዱ ዞረች። ባጃጅ ውስጥ ሞተሩ ብቻ ሲሰማ መንገዱ እንዲህ ይረዝማል ለካ...

ዓለምነው በመስታወቱ አየኝ። ካናገረኝ ወር ሊሆነው ነው። ዛሬም አላናገረኝም።

ግን የኛ መታጠፊያ ስንደርስ፣ ወራጅ ሳልል፣ ቆመልኝ።