ወረቀቱ ያለውን ብቻ

ባሕር ዳር፣ ጥር 1978 ዓ.ም.

ውድ ዳኘው፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሳምንት አልፎታል፤ መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ከሶቪየት ኅብረት ተመልሰህ አዲስ አበባ መግባትህን ሳነብ ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ቀጥሎ ግን ሚኒስቴሩ እዚያው ሊያስቀርህ እንደሚፈልግ፣ ምርጫህንም እስከ ወሩ መጨረሻ እንድታሳውቅ እንደነገሩህ ጽፈህ፣ «ባሕር ዳር ልመለስ ወይስ እዚሁ ልቅር? ምን ትመክሪኛለሽ?» ብለህ ጠየቅከኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በፖስታ ይጠየቃል እንዴ?

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ስለዚያ ክፍላችን ትንሽ ላውጋህ። እዚህ የማወጋው ሰው የለኝም፤ ብነግራቸውም እንዳንተ አይገባቸውም።

ለምህንድስና ተማሪዎች የቴክኒክ ጽሑፍ አስተምሪ ተብዬ ከደሴ ስመጣ፣ ስለ ሞተር የማውቀው ድምፁን ብቻ ነበር። ተማሪዎቹን በቡድን ከፋፈልኳቸውና አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያርም አዘዝኩ። እርሳስ ያነሳ አልነበረም። በመጨረሻ ክንዱ የሚባለው ተማሪ ብድግ አለና፣ ጽሑፉን ገና ማንም ሳያነበው፣ ጥፋቱን አምኖ እንደሚቀበልና ሁለተኛ እንደማይደግመው ተናገረ። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ልጆቹ ምን ያድርጉ? በየሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሂስና ግለ ሂስ ሲባል የሚያዩት ይህንኑ ነው። የሰው ስም ጠርቶ መተቸት ምን እንደሚያስከትል ከእኔ የተሻለ ያውቁ ነበር።

አንተ ለካ ከጎን ካለው ወርክሾፕ ሆነህ ትሰማ ኖሯል። ስወጣ እጅህን በጨርቅ እየጠረግክ ጠበቅከኝ።

«ሁሉንም ሰማሁ» አልከኝ። «ሰው ነው የፈሩት። ወረቀቱን ፓምፑ ይተቸው።»

ሐይቁ ዳር ላለው የአትክልት አምራቾች ማኅበር የመጣው የውሃ ፓምፕ መመሪያው በሩሲያኛ ስለነበር፣ ተማሪዎቻችን በአማርኛ እንዲጽፉላቸው ለማኅበሩ ሰዎች ቃል ገባህ። ደንቡንም አንተው አወጣህ። አንዱ ቡድን ይጽፋል፤ ፓምፑን ነክቶ የማያውቅ የሌላ ቡድን ልጅ ደግሞ ወረቀቱ ያለውን ብቻ ያደርጋል። ጸሐፊዎቹ አጠገቡ ቆመው ትንፍሽ ማለት የለባቸውም። አያስችላቸውም ብለህ ከመራዊ ያመጣኸውን ሸንኮራ እየቆረጥክ ለእያንዳንዳቸው አጎረስካቸው።

ከሌላው ቡድን ዓብደላ የክንዱን ወረቀት ይዞ ቀረበ። ነዳጁን ሞላ፤ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ውሃ ግን ጠብ አይልም። ክንዱ ሸንኮራውን እንደጎረሰ በእጁ ወደ ቱቦው ሊጠቁም ሲል እጁን ይዘህ አወረድክበት። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መሳቢያ ቱቦው በውሃ መሞላት እንዳለበት አልጻፈውም ነበር። ለእሱ በጣም የታወቀ ነገር ስለሆነ መጻፍ እንዳለበት ትዝም አላለው። ሁሉም ሳቁ፤ ራሱ ክንዱም ሳቀ። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ ይህ ይጨመር ያ ይውጣ እየተባባሉ አብረው አስተካከሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ጭቅጭቃቸውን ማስቆም አቅቶኝ ነበር።

ለእኔ ግን ጥሩው ነገር የሚመጣው ከትምህርቱ በኋላ ነው። ድልድዩን ተሻግረን በእግራችን እስከ ዓባይ ማዶ ስንሄድ፣ እኔ «ሄድሁ፣ ደረስሁ» እያልኩ በአነጋገርህ ስቀልድ፣ አንተ ደግሞ ቡሎን ከዳዶ መለየት አለመቻሌን እያነሳህ ስታበሽቀኝ፣ መንገዱ ምነው በረዘመ እል ነበር። ቤቴ በር ላይ ስንደርስ «በል ደህና እደር» ብዬህ እገባለሁ። ከገባሁ በኋላ ደግሞ በመስኮት አይሃለሁ።

ከሄድክም ወዲህ በየዓመቱ ተማሪዎቹን ወደ ፓምፑ እወስዳለሁ። ሸንኮራውን ከገበያ እገዛለሁ፤ እንደ ያንተው አይጥምም ይሉኛል፣ ያንተን ሳይቀምሱ። ልጆቹ ሲበታተኑ ብቻዬን ሐይቁ ዳር እቀመጣለሁ። ከዘጌ ጀልባ ሲመጣ ማን እንደሚወርድ ለማየት አንገቴን አሰግጋለሁ። አንተ በጀልባ እንደማትመጣ አጥቼው አይደለም። ናፍቆት ሰውን ያጃጅላል፤ እኔን በጣም አጃጅሎኛል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ባለፈው እሑድ መልስ ጽፌልህ ነበር። ትምህርት ክፍሉ ክፍት ቦታ እንዳለው፣ የወርክሾፑ ጣሪያ እንደታደሰ፣ ለእድገት ግን አዲስ አበባ እንደሚሻል፣ እናትህ ደህና መሆናቸውን፣ ውሳኔውም ያንተ መሆኑን ዘረዘርኩ። በጣም ያማረ ደብዳቤ ነበር። ከመላኬ በፊት አብራኝ ለምትኖረው ለባንቺአየሁ አስነበብኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ተማሪዎቼን እንደምጠይቀው፣ ይህን ያነበበ ሰው ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኳት።

«አዲስ አበባ ይቀራል» አለችኝ።

የጻፍኩት እንዲመጣ ነው ብዬ ተከራከርኳት። ወረቀቱን መለሰችልኝና ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች።

«የቱ ጋ ነው የጻፍሽው?»

ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩት። የለም። ዓመታት ሙሉ ከራሴ ጋር ስነጋገርበት ስለኖርኩ አንተም የምታውቀው መስሎኝ ኖሯል። ልሸኝህ መናኸሪያ የመጣሁ ዕለት እንኳን «በርታ» ነበር ያልኩህ። ስለዚህ ያንን ቀድጄ ጣልኩት።

ዳኘው፣ እወድሃለሁ። ና። ለትምህርት ክፍሉ ብለህ አይደለም፤ ለወርክሾፑም ለፓምፑም ሌላ ሰው አይጠፋም። ለእኔ ብለህ ና። የማትመጣ ከሆነም ምክንያት ሳታበዛ አልመጣም ብለህ ጻፍልኝ። አለቅሳለሁ እንጂ አልሞትም።

የምትመጣ ከሆነ ቀኑን ብቻ አስታውቀኝ። አውቶቡሱ ሳይገባ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ስትወርድ አቅፍሃለሁ፤ ተማሪዎቼ ያዩ እንደሆነም ይዩ።

ፀሐይወርቅ