ስለታደሰው ጉንጭ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የከተማችን የሥዕል ሙዚየም ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ በየአዳራሹ የተሰቀሉት ነገሥታትና መላእክትም ሁላችሁ በጤና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ለእርስዎ በግል የምመኝልዎ የዳሌና የጉልበት ጤና ነው፤ ሌላው ሁሉ እንዳልጎደለብዎት መግቢያው ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍዎ ለመረዳት ችያለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጄም ይመስገነው፣ እስካልተነሣ ድረስ ደህና ነው።

ማን እንደምሆን ግራ እንዳይገባዎት ልናገር። መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ይህ ካላስታወሰዎት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ «የጎዳና ህዳሴ» ባላችሁት ኤግዚቢሽን መካከል፣ ሰማያዊ ጨርቅ ተከናንባ፣ ሕፃን ታቅፋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከመስታወት በስተጀርባ ያለችው ሴት እኔ ነኝ። ሕፃኑ የሶፋ ትራስ ነው። ካታሎጋችሁ ስለ ሥዕሉ አመጣጥ በረጅሙ ስለተሳሳተ፣ እኔ ባጭሩ ላርመው።

ትልቋ ልጄ ታፔላ ጻፊ ናት፤ የፀጉር ቤቱም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ «ጎማ እንጠግናለን» የሚለውም ሁሉ የእጇ ሥራ ነው። አንድ ቀን ከምትሠራበት ቤት መጋዘን የድሮ የግድግዳ ካሌንደር አግኝታ መጣች፤ በየወሩ ራስጌ አንድ አንድ የህዳሴ ዘመን ሥዕል ነበረው፤ ክንፍ ያላቸው መልእክተኞች፣ ዛጎል ላይ ቆማ ከባሕር የምትወጣ ሴት፣ ልጅ የታቀፉ እናቶች። ወሩን ትታ ሥዕሉን ያዘች። ሸራ አልነበራትም፤ የታናሽ ወንድሟ ጓደኞች ግን ስኬትቦርድ፣ ያ ቆመው የሚንሸራተቱበት ባለ አራት ጎማ ጣውላ፣ ነበራቸው። በተረፈ የታፔላ ቀለም በየጣውላው ሆድ ላይ ትሥልላቸው ጀመር። የአንዱ መልአክ ኮፍያ ያለው ሹራብና የስፖርት ጫማ አድርጎ፣ ክንፉ በሹራቡ ቀዳዳ ወጥቷል። የሌላው ሴት ደግሞ በዛጎል ፋንታ የተገለበጠ ጃንጥላ ላይ ቆማ፣ ፀጉሯን በአንድ እጇ፣ ስልኳን በሌላው ይዛለች። ወንድሟን፣ ያንን ሰፈሩ «ጥይት» የሚለውን ልጄን፣ ማንን ልሣልልህ ብትለው «እማዬን» አላት።

እኔም ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ለደንበኛ የምሰፋውን መጋረጃ ተከናንቤ፣ ትራሱን ታቅፌ ተቀመጥኩላት። ካታሎጋችሁ «የእናቲቱ አንገት ማዘንበል የከተሜ እናትነትን ጥልቅ ሐዘን ያንጸባርቃል» ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ አንገቴን ያዘነበልኩት የጣድኩት ድስት ገንፍሎ እንደሆነ ለማየት ነው። ገንፍሎ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኋላው ያስፈልገናል። ልጆቹ ሲጫወቱ የጣውላውን ሆድ የድንጋይ ጠርዝ ላይ አሳርፈው ይንሸራተታሉ። ሥዕሉ በየቀኑ ይፋቃል ማለት ነው። ልጄ ይህን አውቃ ነው የሣለችው፤ ለምን ትለፊያለሽ ስላት «ካልተፋቀማ ማን ነዳው ሊባል ነው?» ብላኛለች። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ የሙዚየሙን የእብነ በረድ ደረጃ ከልጆቻችን ለመጠበቅ ጠርዙ ላይ ስለተከላችኋቸው የብረት ጉብታዎች ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለ ነው። በተለይ ቀለማቸው ከድንጋዩ ጋር አንድ እንዲሆን መደረጉ፣ አንዳችም ማስጠንቀቂያ አጠገባቸው ተለጥፎ የሕንፃውን ግንባር ውበት አለማበላሸቱ፣ ለዓይን ያላችሁን ጥንቃቄ ይመሰክራል። ልጄ ያን ዕለት እንደ ወትሮው በሙሉ ፍጥነት መጣ። ጣውላው ብረቱ ላይ ቀረ፤ ልጁ አልቀረም። ሆስፒታል ስደርስ ሲጮህ ከኮሪደሩ ጫፍ ለየሁት። የማንን ድምፅ እንደምሰማ ለማወቅ አስጎብኚ አላስፈለገኝም።

ሁለተኛ፦ ለአቤቱታዬ ማኅተም ያረፈበት መልስ ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በመልሳችሁ በዕለቱ ደረጃው ላይ ምንም ዓይነት ብረት እንዳልነበረ፣ ጉብታዎቹ ከዚያ በኋላ «ለወጣቶች ደኅንነት ሲባል» እንደተተከሉ፣ ልጄም «በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት» እንደወደቀ አስረድታችሁኛል። የጥበቃ ኃላፊያችሁም «ብረት አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብለው ምለውልኛል። በዚህ ከልጄ ጋር ይስማማሉ፤ እሱም አላየውም።

እንግዲህ የቀረኝ ምስክር ጣውላው ብቻ ነበር። ብረቱ በላዩ የተሣለውን የሕፃኑን ጉንጭ ክብ አድርጎ ቦድሶታል፤ የልጄ ጓደኞች በዓይናቸው አይተዋል፣ ግን የእነሱ ቃል ቃል አይባልም። ጣውላውን ወስዶ ጉብታው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃ ነበር፤ አዝራር ቀዳዳውን እንደሚያውቅ ያውቀዋል። ነገር ግን ጥበቃዎቻችሁ በዚያው ዕለት አንሥተው ንብረት ክፍል አስገብተውት ኖሮ፣ አሳዩኝ ባልኩ ቁጥር ጉዳዩ ለቦርድ ቀርቧል ተባልኩ።

ስለ ቦርድ ካነሣን፣ እኔ በዚህ ቃል ቀድሞም የተነካሁ ሴት ነኝ። ልጄ መጫወት የጀመረ ሰሞን ጎረቤቴ «ልጅሽ የት ጠፋ?» ብትለኝ «ስኬት ቦርድ ላይ ነው» አልኳት። የአንድ ትልቅ የስኬት ቦርድ አባል ሆኖ የተሾመ መስሏት፣ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ ስማኝ፣ የእህቷን ልጅ ሥራ እንዲያስገባላት አደራ አለችኝ። እውነቱን ስነግራት ለሳምንት አኮረፈችኝ፤ ሹመቱን የነጠቅኳት እኔ መሰልኳት። የእናንተን ቦርድ ካወቅሁ ወዲህ ግን ልጄ የነበረበት ቦርድ ይሻል እንደነበር ገብቶኛል። ያኛው አራት ጎማ ስላለው ቢያንስ ሲገፉት ይሄዳል። የእናንተው አንዴ ሰብሳቢው ውጭ አገር ናቸው፣ አንዴ አባላቱ አልሞሉም፣ አንዴ አጀንዳ ሞልቷል እየተባለ፣ ብገፋው ብገፋው ንቅንቅ አላለም።

ሦስተኛ፦ ይህ ትልቁ ምስጋናዬ ነው። ጣውላው በመጨረሻ ታየ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሕዝብ። ከልጆቹ ከተወሰዱት ከሌሎቹ ጋር፣ ጎማው ተፈትቶ፣ መስታወት ውስጥ ገብቶ፣ ከላይ መብራት በርቶለት። ቀርቤ ባየው የሕፃኑ ጉንጭ የለም፤ ይቅርታ፣ አለ! ተሞልቶ፣ ለስልሶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ቫርኒሽ ጠጥቶ ያብረቀርቃል። እንዲህ ያለ ጉንጭ ልጄ ጡት ሲጠባም አልነበረውም። ከሥሩ «በጎዳና ላይ የደረሰበት ጉዳት በከፍተኛ ባለሙያዎች ታድሷል» ተብሎ ተጽፏል። ጉዳቱ የጎዳናው፣ እድሳቱ የእናንተ! ህዳሴና እድሳት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ ተመሳጥረው የሚሠሩ መሆናቸውን ግን አላወቅሁም። እንጨቱን ለማዳን ባለሙያ ተመደበ፣ ጓንት ተጠለቀ፣ በአጉሊ መነጽር ታየ። የእንጨቱ ባለቤት ቤቱ ተኝቶ ለዳሌው ሕክምና ወረፋ ይጠብቃል። በቁስሌ ላይ እንጨት ሰደዳችሁብኝ እንዳልል፣ ነገሩ ተረት መሆኑ ቀርቶ የዕቃ ርክክብ ይመስልብኛል።

ምስክሬን ገድላችሁት ቢሆን ሬሳ ይገኝ ነበር። እናንተ ግን አሳመራችሁት።

አራተኛ፦ አራተኛውን ከንዴቴ የተነሣ ረስቼዋለሁ፤ እንደ ደረሰዎት ይቁጠሩልኝ።

አምስተኛ፦ ከሥዕሉ ጎን «ሠዓሊው ያልታወቀ» የሚል በሚያምር ፊደል ተጽፏል። ልጄ የፊደሉን አጣጣል አይታ አድንቃለች፤ ሙያዋ ስለሆነ። ከዚያ የሣልኩት እኔ ነኝ ብትል ማስረጃ አምጪ ተባለች። እኔን ጎትታ ከሥዕሉ አጠገብ አቆመችኝ። አስጎብኚዋ አንድ ጊዜ የቆምኩትን እኔን፣ አንድ ጊዜ የተሣልኩትን እኔን አየችና «መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም» አለች፤ አያይዛም የዚያች ሴት ፊት ምን እንደሚያመለክት በትህትና ታስረዳኝ ጀመር። ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ ነው። በካሌንደሩ ላይ ያሉት ሠዓሊዎች ከሞቱ ስንት መቶ ዓመታቸው፣ ስማቸው ግን ከነትውልድ መንደራቸው ተጽፏል። የእኔዋ ጥፋቷ በሕይወት መኖሯ፣ ይባስ ብሎም መጥታ መናገሯ ሳይሆን አይቀርም። ያልታወቀ ማለት ያልተጠየቀ ማለት መሆኑን በእናንተ ቤት ተማርኩ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ውለታ በኋላ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ያንን ጉንጭ መልሰው ይቦድሱልኝ። ባለሙያዎችዎ የሞሉትን ያውጡት፤ ጣውላውም ወደ ደረጃው ወርዶ በሰው ፊት ብረቱ ላይ ይቀመጥ። ካልገጠመ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የአዳራሾቻችሁንም መጋረጃ ሁሉ ያለ ዋጋ እሰፋለሁ። ከገጠመ ግን ያቺን «በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት» የምትለዋን ቃል በዚያው በማኅተማችሁ ያንሡልኝ።

ስለ ቃል ይህን ያህል የማስቸግርዎ ለክርክር ብዬ አይደለም። ልጄ ቤት ከዋለ ወዲህ ደብዳቤያችሁን ደጋግሞ ያነባል። መጀመሪያ እየሳቀ ነበር። አሁን ግን «እማዬ፣ ምናልባት እኔ ነኝ እንዴ ያልተጠነቀቅኩት? ብረቱ ያን ቀን ላይኖር ይችላል እኮ» ማለት ጀምሯል። ዳሌው ላይ የገጠመውን ትቶ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እያመነ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል ነበር፤ እናንተ የተወጋውንም ልታስረሱት ነው። የእግሩን ነገር አንድ ቀን ይቅር እል ይሆናል። ይህን ግን ይቅር አልልም፤ ብዬም ከሆነ አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም።

ለእንጨት ያላችሁ ርኅራኄ ተርፎ ለሰው የሚደርስበትን ዘመን እየተመኘሁ፣ ለቦርዱ አባላት ሁሉ፣ በስብሰባ ላይ ላሉትም ላልተገኙትም፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የ«ያልታወቀው ሠዓሊ» እና የ«ጥንቃቄ የጎደለው ወጣት» እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ የራሱን ጣውላ እስካሁን አላየውም። ኤግዚቢሽኑ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱም ለሥራዎቹ ማመላለሻ ብቻ እንደሆነ ስለተነገረን፣ ጣውላው በሊፍት ወጥቶ ልጁ ከታች ቀርቷል። ትናንት እኔ በስልኬ ፎቶግራፍ ላነሣለት ስወጣ፣ እሱ ክራንቹን አስደግፎ ታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ፣ አንድ ወጣት ጥበቃችሁ መጥቶ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ተነሥ አለው። ልጄ ለመነሣት ሲታገል ሲያይ ግን ጎንበስ ብሎ፣ ብብቱን ይዞ፣ ቀስ አድርጎ አስነሣው። እባክዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ልጄ ከወደቀ ጀምሮ ከእናንተ ቤት እጁን የዘረጋለት እሱ ብቻ ነው።