እማዬ ዘንድ አልሞትክም

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አላለቀስኩልህም። ማልቀሻ ቦታ አጥቼ ነው። ቤትህ ውስጥ አንተ አልሞትክማ!

የእማዬ የመርሳት ሕመም ካንተ በኋላ ባሰ። መጀመሪያ የት ሄደ ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት። አቤት! ደረቷን እየደቃች ስትጮህ ጎረቤቱ አዲስ ሞት መስሎት ግልብጥ ብሎ መጣ። ምሳ ሰዓት ላይ ረስታው፣ ሰውዬው ዛሬ ምነው ቆየ አለችኝ። ከጤና ጣቢያ እየመጣች የምታያት ነርስ ናት የመከረችኝ፤ በየቀኑ መርዶ አትንገሪያት፣ የኖረችውን እያነሳሽ አጫውቻት አለችኝ።

እውነትም ያረጋጋታል። አልበላም ስትል፣ ጫማ ቤት ሳለህ የሠራሃትን ሥራ አነሳለሁ። ጫማ ልትገዛ መጥታ ሁለቱንም የግራ እግር ጠቅልለህ ሰጥተሃት፣ በማግስቱ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ በንዴት እየተንጨረጨረች ስትመጣ፣ ጸጉርህን አበጥረህ ስትጠብቃት። ተሳስቼ ነው ብለህ መማልህ! አይ የአራዳ ልጅ! እሷ ትስቃለች፣ በሳቋ መሃል አጎርሳታለሁ። ከዚያ በሩን በሩን ታያለች። ሱቅ ነው፣ ይመጣል እላታለሁ።

አንድ ቀን ልትፈልግህ ወጥታ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ በሩን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እውላለሁ። ሥራዬንም ተውኩ። ታሰርኩ አባዬ። ጥቁር ልብሷን አይታ ማን ሞቶብን ነው ስትለኝ የሁለታችንንም ከል አወለቅኩ፤ ሰፈሩ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ብሎ አማን። ይማን። ዓይኔ እንባ ካቀረረ፣ ማን ነካሽ፣ አባትሽ ሲመጣ እነግርልሻለሁ ትለኛለች። አንዳንዴ፣ ሞቷል፣ አይመጣም ብዬ ልጮህባት አፌ ላይ ይደርሳል።

ሙት ዓመትህን ጊዮርጊስ እናስባለን። ወንድምህ፣ የሟች ሚስት ያልተገኘችበት ምን ሙት ዓመት ነው ብሎ ተቆጥቶኛል። እኔስ ብትገኝ ጠልቼ ነው? አንድ ቀን እንኳ እናቴን አቅፌ አብረን ብናለቅስልህ እንዴት ደስ ባለኝ! ግን እኔ እንዲወጣልኝ ብዬ ባሏን አልገድልባትም። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አብራት ትውላለች፤ እኔ ሄጄ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ።

አንተ እሷ ዘንድ ኑርልኝ አባዬ። መሞትህን እኔ አስታውስልሃለሁ።

ልጅህ