ይደግ ብዬ የመረቅሁት

ለትልቋ ልጄ፤

በድለሽኛል። የእናትሽን ሕመም ደብቀሽ አባትሽን በገዛ ቤቱ እንግዳ አደረግሽው። ሰላምታ መንፈግ ግን ለአባት አይገባምና፣ እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? የባልሽ ሳል ለቀቀው? እኛ እንደ ዕድሜያችን ቆመን እንሄዳለን።

ባለፈው መጥተሽ ሳለ፣ ጓዳ ሆነሽ ለወንድምሽ በስልክ «ከበፊቱ አድጓል» ስትይው ሰማሁ። እኔ ሞኙ ስለ አራስ ልጁ የምታወሩ መስሎኝ፣ ከሳሎን «ይደግ፣ ይመንደግ» አልኩ። እናትሽ አጠገቤ ሹራብ ትሠራ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና «አሜን» አለች።

ማክሰኞ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ልብሷን ስትለብስ፣ ሐኪሙ የማውቅ መስሎት «አባቴ፣ እጢው አሁንም አድጓል፤ ከእንግዲህ በእጃችን ያለው ማስታገሻ ብቻ ነው» አለኝ። ምን እንደመረቅሁ ያን ጊዜ ገባኝ።

ታውቂኛለሽ፣ ያልገባኝን ነገር እንዲሁ አልተወውም። ፊደልም የቆጠርኩት ያለ አስተማሪ ነው። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ የተማሪ መጽሐፍ ገዝቼ አነበብኩ። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ቆም ይላል። ከራሱ የገለበጠውን ቅጂ ይመረምራል፤ ስሕተት ካገኘ ያርማል፤ አልታረም ካለው ለሌሎቹ ሲል ራሱን ያጠፋል። ጎረቤቶቹ ጠበበን ሲሉትም መከፈሉን ይተዋል። አንዳንዱ ግን ቁም ሲሉት አይቆምም፣ ሙት ሲሉት አይሞትም። ዕድሜ ልኬን ግትር ስባል ኖሬ የሚብሰኝን አገኘሁ። በምን ልገሥጸው? ጆሮ የለው። ደጅ ልዝጋበት እንዳልል፣ የቤት ልጅ ነው።

«አባባ ይቆጣል ብለን ነው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ደብቁት ያለቻችሁም ማን እንደሆነች አላጣሁም። ማወቄን እንዳይነግራት ሐኪሙን ለመንኩት፤ እኔ፣ ሰው ለምኜ የማላውቀው። ትናንት ሻዩ ቀጠነ ብዬ ጮህኩባት። «አንተ ሽማግሌ፣ መቼም ጠባይህ አይለቅህ» ብላ ሳቀች፤ ምሳዋንም ከሰሞኑ የተሻለ በላች። ሻዩ ደህና ነበር።

ቤትሽን ጤና ይሙላው። የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ለማየት ያብቃሽ።

ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ ከእኔ አንድ ቃል አትሰሚም። ስትመጪም እንዳትጠይቂኝ፤ የማውቀው ነገር የለም።

አባትሽ